ሕዋስ ቤቱን ይመርጣል፤ ስለ ልብ ቫልቭና ስለ ደም ሥር መጠገኛ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የቀረበ ንግግር



ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ ሲሰሙት ከቦንጋ የራቀ ይመስላል። የተጎዳውን የልብ ቫልቭ ወይም የደም ሥር በሕያው አካል ለመተካት የሚጥሩ ሊቃውንት፣ ቅርጹን የሚይዝ መደገፊያ ሠርተው ሕዋሳት እንዲሰፍሩበት ያደርጋሉ። ሕዋሳቱም ከሰፈሩ በኋላ የራሳቸውን ሥጋ እየሠሩ መደገፊያውን ይተኩታል ተብሎ ይታሰባል። ጥበቡ ይህ ሲሆን፣ ጥያቄው ደግሞ ሕዋሱ ከመደገፊያው ጋር በተገናኘ ጊዜ ምን ያደርጋል የሚል ነው።

ይህን ነገር መጀመሪያ የሰማ ሰው መደገፊያውን እንደ ማገር፣ ሕዋሱን እንደ ጭቃ ሊቈጥረው ይችላል። ጭቃ በተለጠፈበት ይቀራል፤ አይጠይቅም፤ አይመርጥም። ሕዋስ ግን የቀረበለትን ቤት ይዳስሳል፣ ይመዝናል፣ ከተስማማው ይሠራበታል፣ ካልተስማማው ይሸሻል ወይም ያፈርሰዋል። የንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው። ይህን ማወቅ ለእኛ አገር ልጆች ምን እንደሚጠቅም ወደ መጨረሻው እናመለክታለን። ነገሩ የተፈጸመው አብዛኛው በውጭ አገር ስለ ሆነ፣ ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። ከቦንጋ እስከ ጅማ ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጅማ ከተማ የዩኒቨርሲቲው ሐኪሞች ከደቡብ አፍሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ አንዳችም ሕመም የማይሰማቸውን ተማሪዎች ልብ በድምፅ ሞገድ መሣሪያ መርምረው ነበር። ውጤቱ በ2015 ታትሞ እንደ ወጣ፣ በጅማ ከተመረመሩት 2,000 ያህል ተማሪዎች መካከል ከሺህ 30 ያህሉ የሩማቲክ የልብ ሕመም ምልክት ተገኝቶባቸዋል። እነዚህ ጤነኞች ነን ብለው ደብተራቸውን ይዘው ትምህርት ቤት የሚመላለሱ ልጆች ናቸው።

ሕመሙ የሚነሣው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ያሳምማል፤ ሰውነት ይህን ጠላት ለመውጋት ያስነሣው የመከላከያ ኀይል የራሱን ልብ ከጠላቱ ጋር አሳስቶ ይወጋል። ይህም በተደጋገመ ቍጥር በግራ የልብ ክፍል ያለው ሚትራል የተባለው ቫልቭ ይቈስላል፤ ጠባሳው እየደነደነ ሲሄድም በሩ በደንብ መከፈት ወይም በደንብ መዘጋት ያቅተዋል። የልብ ቫልቭ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል የሚከፈትና የሚዘጋ በር መሆኑን ስናስብ፣ ትንሽ ጠባሳ እንኳ ምን ያህል ድካም እንደሚያመጣ መገመት አያዳግትም።

ቫልቩ ሊጠገን የማይችል ሲሆን መተካት አለበት። ምትኩም በዛሬው ጊዜ በተለይ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ከብረትና ከካርቦን የተሠራው ሜካኒካል ቫልቭ ነው። ይህ ብዙ ዘመን ያገለግላል፤ ነገር ግን ደም እንዳይረጋበት በሽተኛው ዕድሜውን ሙሉ ዋርፋሪን የሚባለውን መድኀኒት መውሰድ ይኖርበታል። መድኀኒቱ ካነሰ ደሙ ይረጋል፤ ከበዛ ይፈስሳል፤ ስለዚህ ደሙ በየጊዜው መመርመር አለበት። በዴቻ ወይም በጨና ገጠር ለሚኖር ሰው ይህ ምርመራ ምን ያህል መንገድ እንደሚያስኬድ አገሩን የምታውቁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ለነፍሰ ጡርም መድኀኒቱ ለፅንሱ አደጋ አለው። ሁለተኛው ከአሳማ ቫልቭ ወይም ከላም የልብ ከረጢት ተሠርቶ በኬሚካል የደረቀ ቫልቭ ነው። ይህ ዋርፋሪንን ዕድሜ ልክ አይጠይቅም፤ ዳሩ ግን በወጣት ሰውነት ውስጥ ካልሲየም እየተጋገረበት ቶሎ ያረጃል። ሁለቱም የሚጋሩት ጕድለት ደግሞ አለ፤ ልጁ ሲያድግ አብረውት አያድጉም።

በአገራችን በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማኅበር በ1989 ተቋቋመ፤ የልብ ሕክምና ማእከሉም በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት ለቀዶ ሕክምና ልጆችን ወደ ውጭ አገር መላክ ግድ ነበር። ማእከሉ ብዙ ነፍስ አድኗል፤ ይሁን እንጂ ተራ የሚጠብቁት ልጆች በሺህ የሚቈጠሩ ናቸው። እንግዲህ አንድ ጊዜ ተተክቶ ከልጁ ጋር የሚያድግ፣ ዋርፋሪን የማይፈልግ፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና የማያስከትል ቫልቭ ቢገኝ፣ እንዲህ ያለው ነገር ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው ለእኛ አገር ነው። የመደገፊያ ጥበብ የሚሻውም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ሕዋሱ እንመለስ። የካፋን ንብ አናቢ አስቡት። ቀፎውን ይሠራል፤ መልካም ሽታ ባለው ቅጠል ያጥነዋል፤ ከረዥም ዛፍ ላይ ወጥቶ ይሰቅለዋል። የማሩን እንጀራ ግን አንዲት ዐይን እንኳ እርሱ አይሠራም፤ ያን የሚሠሩት ንቦቹ ናቸው። መንጋው መጥቶ ቀፎውን ይመረምራል፤ ስፋቱ፣ ሽታው፣ ቦታው ከተስማማው ይገባል፤ ካልተስማማው ያልፋል። አንዳንድ ጊዜም ጕንዳን ይቀድምና ቀፎው ያለ ማር ይቀራል። የመደገፊያ ሠሪ ድርሻም የንብ አናቢው ድርሻ ነው። ቤቱን ያዘጋጃል፤ ሥራው የባለቤቶቹ ነው።

ይህ ነገር መጀመሪያ የታየው በአጋጣሚ ነበር። በ1947 በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አርተር ቩርሂስ የተባለ ወጣት የቀዶ ሐኪም፣ በውሻ ልብ ላይ ይሠራ በነበረበት ጊዜ የስፌቱ የሐር ክር በቀኝ የልብ ክፍል ውስጥ አልፎ ቀርቶ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲያየው፣ ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ለብሶ፣ ደምም ሳይረጋበት አገኘው። ክር በዚህ መልክ የሚሸፈን ከሆነ፣ ጨርቅስ ለምን አይሸፈንም ብሎ አሰበ። ከዚህም አሳብ በመነሣት ቪንዮን ኤን ከተባለ ጨርቅ የተሠራውን የደም ሥር ምትክ ከባልደረቦቹ ጋር በ1952 አሳተመ። እስከ ዛሬ ድረስ ለትልልቆቹ የደም ሥሮች የሚያገለግሉት የፖሊስተር ቱቦዎች የዚህ አሳብ ልጆች ናቸው። ነገር ግን ስፋታቸው ከ6 ሚሊ ሜትር በሚያንስ የደም ሥሮች ላይ ሰው ሠራሽ ቱቦ ቶሎ ይዘጋል። ይህም የሆነበትን ምክንያት ለማወቅ ሕዋሱ ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ ግድ ሆነ። ጥያቄዎቹን በአራት ከፍለን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ሕዋስ የሚይዘውን ይፈልጋል። መደገፊያው ደም በነካው በሰከንዶች ውስጥ ከደሙ የመጡ ፕሮቲኖች ይለብሱታል። ስለዚህ ሕዋሱ በመጀመሪያ የሚያገኘው ፕላስቲኩን ራሱን ሳይሆን ፕላስቲኩ የለበሰውን ልብስ ነው። ሕዋሱ ኢንቴግሪን የሚባሉ እጆች አሉት፤ በእነርሱም ፕሮቲኑን ይዳስሳል። በ1984 ፒየርሽባከርና ሩኦስላህቲ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ፋይብሮኔክቲን በተባለው ትልቅ ፕሮቲን ውስጥ ሕዋሱ የሚጨብጠው ሦስት አሚኖ አሲዶች የተከታተሉበትን አንድ ትንሽ ቦታ መሆኑን አስረዱ። ከዚያ ወዲህ ሠሪዎች ይህን ትንሽ መጨበጫ በመደገፊያው ላይ ማጣበቅ ተማሩ። ልክ ቀፎን እንደ ማጠን ነው። የደም ሥርን ግድግዳ ከሚሠሩት ሕዋሳት ብዙዎቹ የሚይዙት ያጡ እንደ ሆነ በሕይወት አይቈዩም፤ ራሳቸውን ያጠፋሉ።

ሁለተኛ፤ ሕዋስ የቤቱን ጥንካሬ ይመዝናል። ሕዋሱ የያዘውን ነገር ይስባል፤ ነገሩ ምን ያህል እንደሚለጠጥለትም ይለካል። በ2006 ኤንግለር፣ ዲሸርና ባልደረቦቻቸው ከመቅኔ የተወሰዱ ግንደ ሕዋሳትን ጥንካሬው ልዩ ልዩ በሆነ ጄል ላይ አኖሩ። ከ0.1 እስከ 1 ኪሎ ፓስካል ባለው ለስላሳ ጄል ላይ የተቀመጡት የነርቭን ጠባይ ያዙ፤ ከ8 እስከ 17 ባለው ላይ የጡንቻን፤ ከ25 እስከ 40 ባለው ላይ የአጥንትን ጠባይ ያዙ። ምግቡ አንድ ነበር፤ የተለየው ወለሉ ብቻ ነው። በ2008 ደግሞ ከወፍ ፅንስ የተወሰዱ የልብ ሕዋሳት፣ እንደ ጤነኛ ልብ በሚለጠጥ ወለል ላይ ሲቀመጡ አምረው እንደሚመቱ፣ እንደ ጠባሳ በደነደነ ወለል ላይ ሲቀመጡ ግን ምታቸው እንደሚከሽፍ ታየ። ጓደኞቻችን ሆይ፤ በዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። የሩማቲክ ሕመም ቫልቩን ያደነድነዋል ብለናል። እንግዲህ የደነደነው ወለል ራሱ በላዩ ላሉት ሕዋሳት ትእዛዝ የሚሰጥ ከሆነ፣ ጠባሳ የበሽታው ፍጻሜ ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥለው ጠባሳም መነሻ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፤ ሕዋስ መንገድና አየር ይፈልጋል። የመደገፊያው ክሮች በአንድ አቅጣጫ ከተሰለፉ ሕዋሳቱም ተከትለዋቸው ይሰለፋሉ፤ ክሮቹ ከተዘበራረቁ ሕዋሳቱም ይዘበራረቃሉ። በዘመናዊ ቀፎ ውስጥ ቅርጽ የታተመበት ስስ ሰም ሲገባ ንቦቹ በእርሱ ላይ ቀጥ አድርገው እንደሚሠሩ ማለት ነው። ቀዳዳው ከጠበበ ሕዋሱ ወደ ውስጥ ሳይገባ ከላይ ይቀራል። ቢገባም፣ ከደም ሥር ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር በላይ የራቀ ሕዋስ ኦክሲጅን ያንሰዋል። ወፍራም የልብ ጡንቻ መሥራት እስከ ዛሬ ያስቸገረበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

አራተኛ፤ ሕዋስ ሥራ ይፈልጋል። የደም ሥር ሕዋስ የኖረው ግፊትና ፍሰት ባለበት ነው። በ1999 ሎራ ኒክላሰንና ባልደረቦቿ የጡንቻ ሕዋሳትን ቀስ በቀስ በሚሟሟ የክር ቱቦ ላይ ዘርተው፣ ቱቦውን እንደ ልብ ምት እየነፉ እየለቀቁ ለ8 ሳምንት አቈዩት። በዚህ ዐይነት የተወጠሩት ቱቦዎች ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ ጠነከሩ፤ ኮላጅንም አበዙ። ይኸው ሥራ ለብዙ ዓመታት ተሻሽሎ፣ ሕዋሳቱ ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ታጥበው የሚወጡበት፣ የሠሩት ግድግዳ ብቻ የሚቀርበት የደም ሥር ሆነ። በታኅሣሥ 2024 የአሜሪካ የመድኀኒት ባለሥልጣን፣ እጃቸው ወይም እግራቸው ላይ የደም ሥር ለተቈረጠባቸውና የራሳቸው ደም መልስ ሊተካላቸው ለማይችል አዋቂዎች ፈቀደው። ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከ ፈቃዱ 25 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለምንጠራቸው እንግዶች ነው። ነገር ግን ሳይጠሩ የሚመጡ አሉ። ባዕድ ነገር ወደ ሰውነት በገባ ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሱት ዘበኞቹ፣ ይልቁንም ማክሮፌጅ የሚባሉት በላተኛ ሕዋሳት ናቸው። መደገፊያውን ሊያፈርሱት ይሞክራሉ፤ ካልቻሉም እርስ በርሳቸው ተዋሕደው ትልልቅ ሕዋስ ይሆኑና ባዕዱን በጠባሳ ከረጢት ይከቡታል። ለረዥም ጊዜ ተመራማሪዎች እነዚህን እንደ ጕንዳኑ ይቈጥሯቸው ነበር።

ይህን አስተሳሰብ የለወጠው ከቶኪዮ የተጀመረ ሥራ ነው። በ1999 ሺንኦካ የተባሉት ሐኪም፣ የሳንባዋ ደም ቅዳ ለተዘጋባት የ4 ዓመት ልጅ፣ ከራሷ የደም ሥር በተወሰዱ ሕዋሳት የተዘራ፣ በጊዜ ብዛት የሚሟሟ መደገፊያ ተከሉላት፤ ነገሩም በ2001 ታተመ። ከዚያም ለሌሎች ልጆች ከመቅኔያቸው የተወሰዱ ሕዋሳት ተዘርተው ተመሳሳይ ቱቦ ተተከለ። ሁሉም ሰው የተዘሩት ሕዋሳት አድገው የደም ሥር ሆኑ ብሎ አመነ። ሆኖም በ2010 በአይጥ ላይ በታተመው ምርመራ፣ የተዘሩት ሕዋሳት በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠፍተው ተገኙ። የደም ሥሩን የሠሩት፣ እነዚያ የተዘሩት ከመጥፋታቸው በፊት በላኩት የኬሚካል መልእክት ተጠርተው የመጡ የሰውነቱ የራሱ ሕዋሳት ነበሩ። ከእነርሱም ቀድመው የደረሱት ዘበኞቹ ናቸው። ዘበኛው ከበዛ ቱቦው በጠባሳ ይጠባል፤ ዘበኛው ጨርሶ ከተከለከለ ደግሞ ሥራው አይጀመርም። በአንዳንዶቹ ልጆች ላይም መጥበብ ታይቷል። በ2020 በበግ ላይ የተደረገ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚታየው መጥበብ ብዙውን ጊዜ ያለ ሕክምና በራሱ እንደሚመለስ አመለከተ። ለመቸኰል ሳይሆን ለመጠበቅ ማወቅም ሕክምና ነው።

ይህ ሁሉ ተስፋ የሚሰጥ ሆኖ ሳለ፣ የደረሰውን ሐዘንም መሸሸግ አይገባም። በ2001 በአውሮፓ አራት ልጆች ሕዋሳቱ ታጥበው የወጡለት የአሳማ ቫልቭ ተተከለላቸው። ቫልቩ ከእንስሳው ሕዋሳት ነጽቷል፤ ስለዚህ ሰውነት ይቀበለዋል፤ የልጆቹም ሕዋሳት ይሰፍሩበታል ተብሎ ታምኖ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። የቀሩት የእንስሳ ቅሪቶች ዘበኞቹን በብርቱ አስነሡ፤ ሦስቱ ልጆች በአንድ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ሞቱ፤ የአራተኛው ቫልቭ አስቀድሞ ወጣ። ሐኪሞቹ ይህን ሳይደብቁ በ2003 አሳተሙት፤ ሌሎች ልጆችም በዚህ ዳኑ። በእንስሳ ላይ መልካም የሆነ ነገር በልጅ ላይ መልካም እንዲሆን ግዴታ የለበትም።

አሁን የእኛን አሳብ እንናገር። ሕዋስ ለመደገፊያ የሚሰጠው መልስ የመደገፊያው ብቻ ሳይሆን የሰውነቱም ነው። በሀብታሞቹ አገሮች ቫልቭ የሚቀየርላቸው አብዛኞቹ ሰዎች በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ መደገፊያዎቹ የሚፈተኑትም ብዙውን ጊዜ በጤነኛ በግ ላይ ነው። የእኛ በሽተኛ ግን ምናልባት የ12 ዓመት ልጅ ናት። የመከላከያ ኀይሏ የራሷን ቫልቭ ሲወጋ የኖረ ነው፤ ሌላ የጉሮሮ ሕመም ቢይዛትም እንደ ገና ሊነሣ ይችላል። በእርሷ ደም ውስጥ ያለው ዘበኛ በበጉ ደም ውስጥ እንዳለው ዘበኛ ይመልሳል ብሎ ማሰብ፣ የአንዱን አገር ንብ ጠባይ አይቶ የሌላውን አገር ቀፎ እንደ መሥራት ይሆናል። ይህን ጥያቄ ሌሎች እንዲጠይቁልን ብንጠብቅ፣ እነርሱ በሽተኛዋን ስለማያዩአት ጥያቄው ሳይጠየቅ ይቀራል። ስለዚህ ጥበቡ ተጠናቅቆ በሣጥን ታሽጎ እስኪመጣልን መጠበቅ አይበቃም፤ ገና ጥያቄ ሳለ መግባት አለብን።

ምናልባት፣ ይህን በምን መሣሪያ? የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። እኛም የልብ ቫልቭ በቦንጋ እንሥራ አንልም። ነገር ግን በ2017 በአሜሪካ በዉስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች የስፒናች ቅጠል ወስደው፣ በሳሙና መሰል ኬሚካል ሕዋሳቱን አጥበው አወጡ። ሥርዐት ያለው የቅጠሉ ሥር ብቻ ቀረ። በዚያም ላይ የሰው የልብ ሕዋሳት ዘርተው እስከ 3 ሳምንት ሲኰማተሩ አዩ። ስፒናች የቆስጣ ዘመድ ነው። ቅጠልን አጥቦ ሥሩን ማስቀረት፣ ቀለም በሥሩ ውስጥ ማሳለፍ፣ በማይክሮስኮፕ መመልከት የእኛም ላቦራቶሪ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። የእንሰት ቃጫም በአብዛኛው ሴሉሎስ ነው። በእርግጥ የሰው ሰውነት ሴሉሎስን የሚያፈርስበት ኢንዛይም የለውም፤ ስለዚህ ከሴሉሎስ የተሠራ መደገፊያ ከልጁ ጋር ለማደግ ይቸግረዋል። ግን ይህን ጕድለት በገዛ እጅ አይቶ መረዳትና ከመጽሐፍ ማንበብ አንድ አይደሉም።

ከሁሉ በፊት ግን የሚቀድም ሥራ አለ። ከማናቸውም ቫልቭ የሚሻለው እግዚአብሔር የሰጠው ጤነኛ ቫልቭ ነው፤ እርሱን የሚጠብቀውም መድኀኒት ርካሽ ነው። የጉሮሮ ሕመሙ በጊዜው በፔኒሲሊን ከታከመ ልብ ሳይነካ ያልፋል፤ ሕመሙ አንድ ጊዜ የጀመረውም ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠውን የፔኒሲሊን መርፌ ካላቋረጠ፣ ቫልቩ ይበልጥ እንዳይጎዳ ይረዳዋል። ለዕረፍት ወደየወረዳችን ስንሄድ፣ ጉሮሮውን ያመመው ልጅ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ፣ መርፌውንም የጀመረው እንዳያቋርጥ ለወላጆች ማስረዳት ለአንዳችንም አይከብድም።

ስለዚህ ማኅበራችንን ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ከሚመጣው ዕረፍት በፊት ስለ ጉሮሮ ሕመምና ስለ ልብ አንድ ገጽ ጽሑፍ በአማርኛና በካፍኛ ተዘጋጅቶ ለተማሪው ሁሉ ይታደል። ሁለተኛ፣ መምህሮቻችን ቢፈቅዱልን፣ የቅጠሉን ሙከራ የሚሠራ ቡድን በላቦራቶሪው ይቋቋም፤ ያገኘውንም፣ ያልተሳካለትንም ጭምር፣ በዚህ ጋዜጣ ያውጣ። በ2003 ሐዘናቸውን ሳይደብቁ ያሳተሙት ሐኪሞች ያስተማሩን ይህንኑ ነው።